«ደናችን»፦ ከደንገጎ በላይ ባለው የማኅበረሰብ ደን ውስጥ የእግር ጉዞ

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ደንገጎን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ጠመዝማዛውን አቀበት ጆሮው እየተደፈነ፣ ከተማዋ ከኋላው በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ስትሰምጥ እያየ ያልፋል፤ ብርዱ መግባት ሲጀምር ደግሞ መስኮቱን ይዘጋና ስለ ቦታው ማሰቡን ያቆማል። እኔም ለሠላሳ ዓመታት ያህል እንዲሁ አልፌያለሁ። ባለፈው ጥቅምት ግን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼና ከአሥራ አራት ዓመት ልጄ ጋር ደንገጎ ላይ ወርጄ፣ በኅዳርም ብቻዬን ተመልሼ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው የማኅበረሰብ ደን ውስጥ የተከፈቱትን ሁለት የእግር መንገዶች ሄድኩባቸው። ያየሁትን መልካም ነገርና ጉድለት ሁለቱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ የዚህን መንገድ ዋጋ የሚያስረዱት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ያለ እነርሱ የሚሄድበት ሰው ዛፍና ድንጋይ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ወደ ቦታው መድረስ አይከብድም። ከድሬዳዋ በማለዳ የሚነሣውን የሐረር ሚኒባስ ተሳፍሮ ደንገጎ ላይ «ወራጅ» ማለት ብቻ ነው፤ ምንም እንኳ ረዳቱ ሙሉውን የሐረር ታሪፍ ቢያስከፍልም። ከዋናው አስፋልት እስከ ደኑ መግቢያ በማሽላና በጫት ማሳዎች መካከል የሚያልፍ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ አለ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድም ምልክት ስላልተተከለ በመጀመሪያው ቀን የሰው ግቢ ድረስ ገብተን፣ የቤቱ እመቤት ከሳቋ ጋር እየታገለች ልጇን ጨምራ መለሰችን። ለደኑም የተለጠፈ ስም የለውም። የአካባቢው ሰዎች «ደናችን» ከማለት ሌላ ስም ሲጠሩለት ስላልሰማሁ፣ እኔም በዚህ ጽሑፍ እንዲሁ እጠራዋለሁ።

በእግር ወደ ደንገጎ መውጣት ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል። ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለት ያለበት ሁሉ ይህንኑ አቀበት በሌሊት በእግሩ ሲወጣ ኖሯል፤ እናቴም እኔን በተገላገለችበት ዓመት ጃንጥላ ተሸክማ ወጥታዋለች። አዲሱ ነገር ሰው ለደኑ ለራሱ ብሎ መውጣቱ ነው።

መግቢያው ላይ የቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት የድንጋይ ቤት አለች። ደኑን የሚያስተዳድረው ማኅበር ተረኛ ስም ይመዘግባል፣ ለአንድ ሰው 100 ብር የመግቢያ፣ ለአንድ ቡድን ደግሞ 500 ብር የመሪ ክፍያ ይቀበላል። ለኪሳችን ከባድ አልነበረም፤ ከተማ ውስጥ ለአንድ ምሳ የምናወጣው ከዚህ አያንስም። ቅር ያሰኘኝ በመጀመሪያው ጉዞ ደረሰኝ ያለመሰጠቱ ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ ስጠይቅ በካርቦን የሚገለበጥ ጥራዝ ከመሳቢያ ወጥቶ ተጻፈልኝ፤ ማለትም ደረሰኙ አለ፣ የሚሰጠው ግን ለጠየቀ ብቻ ነው። ገንዘቡ የጋራ በሆነበት ቦታ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሂሳቡን የሚከታተለው የማኅበሩ አባል በግቢው ማዶ የሚኖር ጎረቤት ነውና፣ እንግዳው ደረሰኝ ባልተቀበለ ቁጥር ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጠራጥር ክፍተት ይከፈታል።

ከክፍያው በኋላ የሚደረገው ነገር ግን ልቤን ነካው። ተረኛው ጠንካራ የጫማ ብሩሽ አውጥቶ የአራታችንንም ጫማ ሶልና የሱሪ ጠርዝ እንድናራግፍ ጠየቀን። ምክንያቱ ሌላው አገር ቅንጬ አረም የሚለው፣ የሐረርጌ ገበሬ ደግሞ ፋራምሲሳ ብሎ የሚጠራው አረም ነው። ቃሉ በኦሮምኛ «የሚያስፈርም» እንደ ማለት ነው፤ መሬቱን አረሙ የያዘበት ሰው ርስቱን ፈርሞ ያስረከበ ያህል ስለሚሆን የወጣ ስም ነው። ይህ አረም በአገራችን መታየቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በእኛ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ ነው። ዘሩ ደቃቅ በመሆኑ በመኪና ጎማ፣ በከብት ኮቴና በጫማ ጭቃ ይጓዛል። እኛ ከተሜዎች በየመንገዱ ዳር ረግጠነው የምንውለውን ነገር ወደ ደናቸው ይዘን እንዳንገባ የሚጠብቁት በአንድ ብሩሽ ነው። በአገር ውስጥ በብዙ ጥብቅ ቦታዎች ተዘዋውሬአለሁ፤ ጫማዬን አራግፌ እንድገባ የተጠየቅሁት ግን እዚህ ብቻ ነው።

አጭሩ መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል፤ ከቤቲቱ ተነሥቶ የቆዩ የድንጋይ እርከኖችን ተከትሎ ዞሮ እዚያው ይመለሳል። ሕፃን ለያዘና ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይበቃል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ረጅሙ መንገድ አምስት ሰዓት ያህል የሚፈጅና የእውነት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት በክትክታና በአጋም ቁጥቋጦ መካከል በቀስታ የሚወጣ ነው። ክትክታው በጠዋት ጤዛ ሲረጥብ ቅጠሉ እንደ ዘይት ያብረቀርቃል፤ አጋሙ በጥቅምት ፍሬው ስላልበሰለ ልጄ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። እዚህ ክፍል ላይ ያለው አረንጓዴ ሁሉ ወጣት መሆኑን መሪያችን ደጋግማ አሳየችን። ከስድስቱ መሪዎች አንዷ ሴት ናት፤ በሁለቱም ጉዞ የደረሰችኝ እርሷ ስለነበረች የምመሰክረው ስለ እርሷ ነው። ቦታው በሕፃንነቷ ፍየል የሚግጥበት ባዶ ጭንጫ እንደነበር፣ ሽማግሌዎቹ ከከብት ንክኪ ከልክለው ከዘጉት በኋላ ማንም ችግኝ ሳይተክልበት ከተቆረጠ ጉቶና አፈር ውስጥ ከቀረ ዘር ይህ ሁሉ እንደ ወጣ ነገረችን። አንድ የወይራ ጉቶ አጠገብ ቆማ ከሥሩ ያቆጠቆጡትን ሰባት ግንዶች አስቆጠረችን። በየዓመቱ በክረምት በዘመቻ ስለምንተክለው ችግኝ ብዙ እንሰማለን፤ መሬትን ዝም ብሎ መተው ራሱ ሥራ መሆኑን ግን ከዚህ ጉቶ በተሻለ ያስተማረኝ የለም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ከቁጥቋጦው ይወጣና በኖራ ድንጋይ ገደል ሥር ይሄዳል። እዚህ ድንጋዩ ነጭና ግራጫ፣ ውኃ የቦረቦረው፣ በየቦታው ጉድጓድና ስንጥቅ ያለበት ነው። ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ የፖርክ ኤፒክን ዋሻ፣ በለገ ኦዳም የጥንት ሰው ሥዕል ያለበትን መጠለያ የፈጠረው ይኸው የምሥራቁ የኖራ ድንጋይ መሆኑን የሚያውቅ ተጓዥ በእያንዳንዱ ስንጥቅ አፍ ላይ መቆሙ አይቀርም። ሽኮኮዎች በገደሉ ጫፍ ፀሐይ ሲሞቁ አየን። የዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ ማዶ ሲያልፍ ደግሞ ወንዱ ዝንጀሮ ብርማ ጎፈሩን አንሥቶ ቆሞ እስክንርቅ ጠበቀን። መሪያችን እንድንቀመጥ፣ ምግባችንንም ከቦርሳ እንዳናወጣ አደረገች። ከአስፋልቱ ዳር ተሳፋሪ በሚወረውርለት ሙዝና ዳቦ የለመደው መንጋ እንዴት ወደ ማሳ እንደሚወርድና ገበሬውን እንዴት እንደሚያስመርር የነገረችን በዚያች አሥር ደቂቃ ነው። እኔም ከመኪና መስኮት ስንት ጊዜ ሙዝ እንደወረወርኩ አስቤ ዝም አልሁ።

ሦስተኛው ሰዓት ላይ የሐበሻ ጥድ ይጀምራል። ቆላ የኖረ ሰው ይህን ሽግግር በአፍንጫው ነው የሚያውቀው፤ ግራሩና ቁልቋሉ ከታች ቀርተው አየሩ ቀዝቀዝ ይልና የጥዱ ሽታ ይመጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ይህ ቦታ ከ2,000 ሜትር በላይ ነውና፣ በአንድ ጠዋት የአምስትና የስድስት ዲግሪ ልዩነት ሰውነት ላይ ይታያል። ጥዶቹ ብዙ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በቀድሞ መጥረቢያ ቁስል የተጣመሙ ናቸው፤ ከሥራቸው ግን አፈሩ ጥቁርና እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ ነው። በዚህ ጥላ ውስጥ ሶሪት ሰማን፤ በኅዳሩ ጉዞዬ ደግሞ አየሁት። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ የነበረው ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ በድንገት ቀይ ይሆናል። በቴሌቪዥን ሳይሆን ከከተማዬ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ይህን ማየት መቻሌን አምኜ ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል።

መንገዱ የሚጨርሰው ድሬዳዋን ቁልቁል በሚያሳይ ሸንተረር ላይ ነው። ጥርት ባለ ጠዋት የከተማዋ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው እስከ ዓይን ማድረሻ ይዘረጋል። ከሁሉ በላይ ግን የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ነው። ከተማ ውስጥ ሆነን ደቻቱን የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ፣ ገበያ የሚቆምበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ግመል የሚያርፍበት የአሸዋ ሜዳ ሆኖ ነው። ከዚህ ላይ ሲታይ ግን እጅና ጣት አለው፤ ከእግራችን ሥር ከሚጀምሩት ሸለቆዎች እያንዳንዱ እንደ ጣት ወርዶ ወደ አንድ መዳፍ ይገባል፣ መዳፉም ከተማችን ላይ ተቀምጧል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ በእነዚህ ጣቶች የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ወሰደብን፣ ሺዎችንም ከቤታቸው አፈናቀለ። ያን ሌሊት ድሬዳዋ ላይ የረባ ዝናብ ሳይጥል ነበር ውኃው የመጣው፤ ዝናቡ የዘነበው እዚህ ላይ፣ ከዛፍ በተራቆተው ዳገት ላይ ነበር። የሰፈሬን ሰዎች የቀበርኩበትን ሳምንት እዚህ መተረክ አልፈልግም። ሸንተረሩ ላይ ተቀምጬ ከሥሬ ያለውን የጥድ አፈር ስረግጥና እንደ ስፖንጅ ሲሰምጥ ሲሰማኝ ግን፣ ያ ውኃ እዚህ ተይዞ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ደን ብቻውን እንዲህ ያለውን ጎርፍ ሁሉ ያስቀራል ብዬ አልከራከርም፤ ዝናቡ ሲበዛ የሚያቆመው ነገር የለም። ከተራቆተ ዳገት ላይ በአንድ ጊዜ የሚወርደውን ውኃ ደን በሰዓታትና በቀናት ከፋፍሎ እንደሚያወርደው ግን ከመንገዱ በታች ያሉት ሁለት ቦረቦሮች ይመሰክራሉ፤ በተከለለው በኩል ያለው ቦረቦር ሣር ለብሷል፣ ባልተከለለው ማዶ ያለው ደግሞ በየክረምቱ ማሳ እየበላ ይሰፋል።

ሌላው ነገር የምንጠጣው ውኃ ነው። በከተማችን ከሳቢያን ሰፈር ጉድጓዶች የምንስበው ውኃ የሚሞላው ከዚህ የደቡብ ተራራ በሚሰርገው ዝናብ ነው፤ የኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ለእኛ የውኃ ቧንቧ ነው ማለት ይቻላል። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀባት በኋላ ውኃዋን ከቆላው፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች፣ ይህን ሁሉ ዳገት ሽቅብ እያስሳበች ኖራለች። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ውኃ መያዙ ሁላችንንም አስደስቷል፤ ባዶውን ገበታ ሆኖ ያየ ሰው ግን ከላይ ያለውን ዳገት ችላ ማለት የሚያስከትለውን ከእንግዲህ ሊረሳው አይገባም። መሪያችን ይህን ሁሉ በሸንተረሩ ላይ በጣቷ እየጠቆመች ስትነግረን ከትምህርት ቤት የተማረችውን እየደገመች አልነበረም። አባቷ ክትር በሠሩበት ሸለቆ አፍ ላይ ቆማ ነበር የምታወራው።

ስለ አስተዳደሩ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም መንገዱን መንገድ ያደረገው እርሱ ነው። ደኑ የማኅበረሰብ ነው ሲባል ቃል ብቻ አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብን ደን ከግል፣ ከማኅበርና ከመንግሥት ደን እኩል እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት ያውቀዋል። እዚህ ግን ሰዎቹ ወረቀቱን የጠበቁ አይመስለኝም። በኅዳሩ ጉዞ መግቢያው ላይ ያገኘኋቸውና ሁሉም «ሐጂ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ደንቡን በቃላቸው አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ፤ ከብት አይገባም፣ ሣር ግን እየታጨደ በሸክም ይወጣል፤ የደረቀ እንጨት በሳምንት አንድ ቀን ለአባላት ብቻ ይለቀማል፤ ቀፎ የሚሰቀለው በዕጣ ነው፤ እርጥብ የቆረጠ ሰው በመጀመሪያ ይመከራል፣ በሁለተኛው ይቀጣል፣ በሦስተኛው የሣር ድርሻውን ያጣል። «የሣር ድርሻ የሚያጣው ማን ይመስልሻል፣ ልጄ?» አሉኝ፤ «ሰውየው አይደለም፣ ላሙ ናት። ላሙ ስትራብ ሚስቱ ትጠይቀዋለች።» ከዚህ የጠነከረ የጥበቃ ዘዴ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም።

ማኅበሩ ከእንግዳ የሚያገኘው ገንዘብ ለሁለት ተረኛ ጠባቂዎች ይከፈላል። እዚህ ላይ ነው ለአንባቢ አጥብቄ የምነግረው። ወደዚህ ደን ባልደረቦቼ ቀደም ብለው በከተማ ውስጥ ባለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል መጥተው ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍለዋል፣ ድርጅቱ ግን በጓሮ በኩል አስገብቷቸው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። አስጎብኚው የከተማ ልጅ በመሆኑ ሶሪቱን «የበረሃ በቀቀን» ብሎ ነግሯቸዋል፤ ይህን ስናወራ መሪያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቆጣ አየኋት። የዛፉን ጥላ የሸጠ ሰው ለዛፉ ጠባቂ አንድ ብር ሳይከፍል ከሄደ፣ ጠባቂው በሚቀጥለው ዓመት ማለዳ ተነሥቶ የሚወጣበት ምክንያት ይቀንሳል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ወደዚህ ሲመጣ በቀጥታ መግቢያዋ ቤት ይሂድ፣ ይመዝገብ፣ ደረሰኝም ይጠይቅ።

ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ትልቁ ጉድለት ከመንገዱ አሠራር ላይ ነው። ከሸንተረሩ የመመለሻው ቁልቁለት የመጨረሻ ክፍል ዳገቱን ቀጥ ብሎ ይሰነጥቀዋል፤ እንዲህ ያለ መንገድ የእግር መንገድ ሆኖ የሚቆየው ሁለት ክረምት ነው፣ ከዚያ ቦይ ይሆናል። አሁንም መካከሉ እስከ ጉልበት ጎድጉዷል፤ ተጓዡ ጉድጓዱን ሸሽቶ ጠርዙን ስለሚረግጥ ስፋቱ በየወሩ ይጨምራል። ባልደረባዬ እዚሁ ላይ ተንሸራታ እጇን ቧጠጠች። እርከን መሥራት ከአያቶቻቸው የወረሱ ሰዎች መንገዱን በጎን እያዞሩ ለማውረድና በየተወሰነው እርምጃ ውኃ የሚያስወጣ የድንጋይ መስመር ለማስገባት ማንም አስተማሪ አያስፈልጋቸውም፤ ማሳቸውን እንዲህ ነው የሚሠሩት። ደኑን ከጎርፍ መከላከያ ብለው ለሚያስጎበኙ ሰዎች የራሳቸው መንገድ ጎርፍ ሲሠራ ማየት ያሳዝናል። ለሐጂም ይህንኑ ስነግራቸው አልተቀየሙም፣ ከበጋው ሥራ ጋር ለማንሣት ቃል ገቡ።

መጸዳጃ ቤት የለም። ወንዶች ይህን አይጽፉትም፤ ለሴት ተጓዥ ግን አምስት ሰዓት ረጅም ነው፣ በየቁጥቋጦው ሥር መዞር ደግሞ ለደኑም ለክብርም አይመችም። መግቢያዋ ቤት አጠገብ አንድ ጥሩ ጉድጓድና ከለላ ቢሠራ የመሪነት ሥራ የሚፈልጉ ሌሎች የመንደሩ ልጃገረዶችም የሚበረታቱ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ጉድለት የእኛው ነው። ከተማ ቅርብ በመሆኑ ቅዳሜና እሑድ ከአስፋልቱ ዳር ወደ ጥላው የሚገባ ሰው የጫት ገረባና ፌስታል፣ የውኃ ላስቲክ ጠርሙስም ጥሎ ይሄዳል። በታችኛው ክፍል ላይ በጥቅምቱ ጉዞ ብቻ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ስንለቅም ዋልን። ልጄ «እዚህ የሚቃመው ሰው እኮ ከዚህ በታች ነው የሚኖረው» አለኝ፤ ፌስታሉ በክረምት ወዴት እንደሚወርድ ገብቶት ነበር።

ጉዞው ሲያልቅ መግቢያዋ ቤት በስተጓሮ ሁለት እናቶች ሆጃ ያፈላሉ። ከቡና የሚዘጋጀው ይህ መጠጥ በወተት ፈልቶ ጨው ጣል ተደርጎበት በብርጭቆ ይቀርባል። ከታች በጠራራው ፀሐይ ለስላሳ የምንጠጣ ሰዎች፣ እዚህ ላይ በትኩስ ብርጭቆ እጃችንን እያሞቅን ተቀመጥን። ከጎኑ የሚቀርበው ትኩስ የማሽላ ቂጣ ከደኑ ማር ጋር ሲበላ ሌላ ምሳ አያስፈልግም። ማሩ በአነስተኛ ጣሳ ይሸጣል፤ ጠቆር ያለና ትንሽ የሚመር ነው፣ የከተማ ማር የለመደ ምላስ በመጀመሪያው ማንኪያ ሊያመነታ ይችላል፣ በሦስተኛው ግን ጣሳ ይገዛል። እናቶቹ ገንዘቡን ለራሳቸው ነው የሚይዙት፤ ይህም በማኅበሩ ደንብ የተወሰነ ነው።

ለመሄድ የሚሻለው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሣሩ አረንጓዴ፣ አየሩ ጥርት ያለ፣ መሬቱም የደረቀ ይሆናል። በየካቲትና በመጋቢት ጭጋግና አቧራ ከተማዋን ይሸፍናታል፣ በልጉ ሲጀምር መንገዱ ይንሸራተታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ባይሄዱ ይሻላል፤ ለራስ ደኅንነት ሲባል፣ እያንዳንዱ እርጥብ እርምጃ ያንን የጎደጎደ ቁልቁለት ስለሚያሰፋውም ነው። ረጅሙን መንገድ የሚመርጥ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ መግቢያው ላይ ይድረስ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ሸንተረሩ ላይ ጥላ የለም። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ፣ ለጠዋቱ ብርድ ጋቢ ወይም ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል። የቆላ ልብስ ለብሶ የመጣ ሰው ደንገጎ ላይ ይንቀጠቀጣል።

በኅዳሩ ጉዞ ስመለስ መሪዬ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሚኒባስ ስንጠብቅ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ያልተከለለ ዳገት አሳየችኝ፤ የእነርሱ ጎረቤት ቀበሌ ሰዎች ነው አለች፣ በዚህ በጋ ለመከለል እየተመካከሩ ስለሆነ ሐጂ ለሽምግልና ሄደው ነበር። ዳገቱ ላይ ሦስት ፍየሎች በድንጋይ መካከል የቀረውን ሲለቅሙ ይታያሉ። «ለከርሞ ስትመጪ ረጅሙ መንገድ እዚያ ድረስ ይሻገራል፣ እህቴ» አለችኝ፤ ሚኒባሱ ቆመና ረዳቱ «ድሬ፣ ድሬ» እያለ በሩን ከፈተልኝ።